በሃምሳው መሐል የጾምኩ ዕለት

መናኸሪያውን አልፈው ወደ ገበያው ሲታጠፉ፣ ባጃጆቹ ተደርድረው ከሚጯጯኹበት ጥግ ላይ አንዲት ሴት ዳጣ ትወቅጣለች። ለማያውቀው ሰው ልንገር፤ ዳጣ ማለት ቃሪያ፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርትና ቅመማ ቅመም በጥሬው ተወቅጦ የሚዘጋጅ፣ ወላይታ ውስጥ ሥጋ ያለ እሱ የማይቀርብ ማባያ ነው። ባለፈው ሳምንት በዚያ ሳልፍ ሽታው አፍንጫዬን ያዘኝና ቆምኩ። ሴትየዋ «አባባ፣ ላድርግልዎ?» አለችኝ። ራሴን ነቀነቅሁና ዝም ብዬ አሸተትኩ። ማሽተቱንስ አልተከለከልኩም! መብላቱን የከለከለችኝን ሐኪም ጉዳይ ኋላ እመጣበታለሁ። ሽታው መጀመሪያ የወሰደኝ ግን ወደ ወጣትነቴ ነው።

ሶዶ ስገባ ሱሪዬ ከታች መንገድ የሚጠርግ፣ የሸሚዜ ኮሌታ ትከሻዬ ላይ የሚተኛ፣ ጎፈሬዬ በር የማያስገባ ጎረምሳ ነበርኩ። ከደብረ ብርሃን በአማርኛ መምህርነት ተመድቤ ነው የመጣሁት። እናቴ ስትሸኘኝ የሰው ሀገር ውኃ እንዳልጠጣ አጥብቃ አስጠንቅቃኛለች። አውቶቡሳችን ቦዲቲ ላይ ጎማው ተንፍሶ ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ እሸት በቆሎ እየጋጠ፣ ውኃ እየተጎነጨ ሲጫወት፣ እኔ እናቴ የቋጠረችልኝን ደረቅ ዳቦ ይዤ ጉሮሮዬ ተሰነጣጥቆ ተቀምጬ ነበር። ሶዶ ስንደርስ ዳሞታ ተራራ ላይ ጉም ተኝቷል፤ ከሙዚቃ ቤቱ የተከፈተው የፍቅር ዘፈን መንገዱን ሞልቶታል፤ ሴቶቹ ቅቤ በኮባ ጠቅልለው ከገበያ ይመለሳሉ። ረሃቤ ከእናቴ ማስጠንቀቂያ በለጠና፣ የተሳፈርኩበት አውቶቡስ ረዳት ወደ ጠቆመኝ ምግብ ቤት ገባሁ። አዬ አስቴር ቤት ማለት እሱ ነው። «አዬ» በወላይትኛ እናት ማለት ነው፤ ከተማው ሁሉ፣ ሽበታሙም ሕፃኑም፣ እንዲያ ብሎ ነበር የሚጠራት።

ቤቷ ከገበያው ጀርባ ነበር። ግድግዳው በጋዜጣ የተለጠፈ፣ አግዳሚ ወንበሮቹ በሰው ብዛት የለሰለሱ፣ ወለሉ በየጠዋቱ ተጠርጎ ውኃ የሚረጭበት ጭቃ ቤት። ስገባ ቁመቷ አጠር ያለ፣ ሻሿን ወደ ኋላ የጠመጠመች ሴት ማንቆርቆሪያ ይዛ ፊቴ ተገተረች። «እጅ!» አለችኝ። ሰላምታ የለ፣ ምን ልታዘዝ የለ። ታጠብኩ። ሳሙናው በሲባጎ ታስሮ የተንጠለጠለ የልብስ ሳሙና ቁራጭ ነው። ፈጠን ብዬ እጄን ሱሪዬ ላይ ልጠርግ ስል «ኧረ! ኧረ! ምኑን ታጠብከው ታዲያ?» ብላ ጮኸችብኝና እንደገና አፈሰሰችልኝ። ከዚያ እጃችንን አየር ላይ አንከርፍፈን እስኪደርቅ መጠበቅ የቤቱ ሕግ መሆኑን ዙሪያዬን ሳይ ተረዳሁ። የተከበረ ሰው ሁሉ፣ ነጋዴው፣ ሹፌሩ፣ የቤተ ክርስቲያን አገልጋዩ፣ እጁን ወደ ላይ ሰቅሎ ያወራል። አንድ ቀን የታወቀ የቅቤ ነጋዴ «ታጥቤ ነው የመጣሁት» ብሎ ሊያልፋት ሲል «በሩን በምን ከፈትከው?» አለችው። ሰውዬው ሳቀና እጁን ዘረጋ።

ሳህን አልነበራትም። ይህን ስናገር የልጅ ልጆቼ ይስቃሉ። የምታቀርበው በእርጥብ ኮባ ቅጠል ነው። ቅጠሉን ከጓሮዋ ጠዋት ትቆርጠዋለች፣ እሳት ላይ ለብ ታደርገዋለች፣ በንጹሕ ጨርቅ ትወለውለዋለች፤ ቆጮውና ሥጋው እላዩ ላይ ይቀመጣል። በልተን ስንነሣ ቅጠሉ ላሟ ፊት ይጣላል፤ አለቀ። የሌላ ሰው ምራቅ የነካውን ሳህን በአንድ ባልዲ ውኃ ማለቃለቅ የሚባል ነገር የለም። ቢላዎቹን ደግሞ ከእሳት በማይወርድ ብረት ድስት ውስጥ ትቀቅላቸው ነበር። ማን እንዳስተማራት አላውቅም፤ ብጠይቃት ኖሮ «ኖሬበት ነዋ» ትለኝ ነበር። ዛሬ በየምግብ ቤቱ የሚያብረቀርቅ የእጅ መታጠቢያ ተተክሎ ቧንቧው ሲከፈት አየር ብቻ ሲተነፍስ፣ እሷ ትዝ ትለኛለች። ጠረጴዛው መስታወት፣ ወንበሩ ሌዘር፣ አስተናጋጇ ከረባት አላት፤ ሳሙና ስትጠይቋት ግን «አልቋል» ትላለች። ጉድ እኮ ነው!

በዚያች የመጀመሪያ ሳምንት ግን ሆዴ ተገለባበጠ። ከአዬ ቤት ይሁን ከጉድጓድ ውኃው አላውቅም፤ ብቻ ተማሪዎቼን «ገጽ አውጡ» ብዬ የምሮጥበት ጊዜ ነበር። ያን ጊዜ ነው ከዳና ጋር ወዳጅነት የጀመርነው። ዳና መናኸሪያው ፊት ለፊት በአንዲት ሲንጀር መኪና ልብስ ይሰፋ ነበር፤ ሱሪዬን ሊያጠብብልኝ ወስዶ ወገቤ ከቀን ወደ ቀን ሲቀጥንበት «ምን ሆነህ ነው?» አለኝ። ነገርኩት። ሳቀ። «አይዞህ ታዴ፣ ሆድህ ገና አንደኛ ክፍል ናት። ታልፋለች» አለኝ። ዳና በወላይትኛ እያሰበ አማርኛ ስለሚናገር ሴትና ወንዱን እንደ ፈቀደው ያደርገዋል፤ እኔ የአማርኛ መምህሩ ዕድሜ ልኬን ሳርመው ኖሬ እሱ ሳይሆን እኔ ነኝ የደከምኩት። ሆዴ ግን እውነትም አለፈች። ወሩ ሳያልቅ እንደ ሶዶ ሰው ዳጣውን ማንኪያ ሙሉ አድርጌ፣ ጥሬ ሥጋውን በቢላ ሸርከት እያደረግሁ፣ ዓይኔ እያነባ መብላት ያዝኩ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ የእኛ ሆነች። ዳና፣ እህል ነጋዴው ጳውሎስና እኔ፤ ሌላው ሰው ይመጣል ይሄዳል፣ እኛ ግን አንቀርም። ሁለቱ ጴንጤዎች ናቸው፣ ከሥጋው ጋር ለስላሳ ይጠጣሉ፤ እኔ ኦርቶዶክሱ ቢራዬን ሳዝዝ አይተው እንዳላዩ ያልፉኛል። ጾም ሲሆን እኔ ቦይና የሚሉትን የተቀቀለ ጎደሬ በዳጣ እየበላሁ አጠገባቸው እቀመጣለሁ፤ እነሱም ምንም ሳይራሩልኝ ሥጋቸውን አፌ ሥር እየቆረጡ «ታዴ፣ ዛሬ ሽንጧ እንዴት ቅቤ መስላለች!» ይሉኛል። በየጊዜው የኮሶ መድኃኒት አብረን እንውጥና በማግስቱ ማን ምን እንደሆነ እያወራን እንስቃለን። ሆዳችን ብረት ነው እንል ነበር። ቆሻሻ ያጠነክራል፣ ጀርም ከለመደህ ወዳጅህ ነው፣ እነዚህ በጠርሙስ ውኃ ያደጉ የከተማ ልጆች ናቸው በነፋስ የሚታመሙት፤ እንዲህ እያልን። ደስ ይለናል ይህን ማለት። ግን እውነቱን ልናገር፣ ጳውሎስ ይህን ጨዋታ ስንጫወት ዝም ይላል። ሁለት ወንድሞቹ በልጅነታቸው በተቅማጥ ነው የሞቱት። ያንኑ ውኃ ጠጥተው ነበር፤ ሆዳቸው ብረት ሆኖ ለማውራት ግን አልደረሱም።

አዬ አስቴር ካረፈች ቆየች፤ ነፍሷን ይማር። ቤቱን የያዘችው ልጇ ምሕረት ናት። ጭቃው ቤት ብሎኬት ሆኗል፣ ጣሪያው ላይ የውኃ ታንከር ተሰቅሏል፣ በሩ አጠገብ ቧንቧና ፈሳሽ ሳሙና አለ፤ ሥጋውም በትልቅ ትሪ ነው የሚመጣው። የዳና ልብስ ስፌትም ተዘግቶ በቦታው የስልክ ቀፎ ይሸጣል። ከእኔ ቤትም ሞት ሚስቴን ወሰደብኝ። ልጆቼ ሐዋሳና አዲስ አበባ ናቸው፤ ይደውላሉ፣ ይባረኩ፤ ስልክ ግን አብሮ አይበላም። ከእሑድ እስከ ዓርብ ብቻዬን ነው የምጎርሰው፤ ሰው ፊት ተቀምጬ የምበላባት ቀን ቅዳሜ ብቻ ነበረች። ስለዚህ ቅዳሜን መንካት እኔን መንካት ነው።

ነካችብኝ ሐኪሟ። ጣቶቼ ካበጡብኝና ጠዋት ጠዋት አልጨበጥ ካሉኝ ሰነባብቷል፤ የመገጣጠሚያ ሕመም ነው። ከሰሜን ተመድባ የመጣች፣ ዓይኗ የረጋ፣ ልጄ የምትሆን ሐኪም ናት። አዲስ መድኃኒት ጻፈችልኝና እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ቀና አለች። «ጋሼ፣ ይህ መድኃኒት የሚያሳብጥዎትን ነገር የሚያስታግሰው የሰውነትዎን የመከላከል አቅም ዝቅ አድርጎ ነው። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ጥሬ ሥጋ የለም። ያልፈላ ወተት፣ በጥሬው የተወቀጠ ማባያ፣ እነዚህ ሁሉ ይቅርብዎ። ውጭ ከበሉ በደንብ የበሰለና ትኩስ ይሁን። እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፤ የሚያጎርስዎት ሰው ካለም እሱ ይታጠብ» አለችኝ።

«ልጄ» አልኳት፣ «እኔ እኮ ዕድሜዬን ሙሉ የሶዶ ጥሬ ሥጋ የበላሁ ሰው ነኝ። ሆዴ ለምዶታል።»

«አውቃለሁ ጋሼ። አንዳንዱን ጀርም ሰውነት ይለምዳል፣ ውሸት አይደለም። ግን የለመደው ያ ሰውነት ነው አሁን በመድኃኒቱ የሚዳከመው። ደግሞም ኮሶና ታይፎይድ የማንም ወዳጅ አይሆኑም።» ቀጥላ ፈገግ አለች። «ከባድ መሆኑ ይገባኛል። እኔም ቁርጥ እወዳለሁ።»

ባትጨምረው ይሻል ነበር። ወጥቼ የሆስፒታሉ አጥር ሥር ብዙ ቆምኩ። ሞት አልፈራሁም፤ የፈራሁት ዳናንና ጳውሎስን ነው። ሥጋ በቁርጥ እንጂ በሌላ አይበላም ብለው የሚምሉ ሰዎች ናቸው። አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ የመጣ የጳውሎስ አማች ጥብስ ሲያዝዝ ዳና ፊቱን አዙሮ ነው የበላው። እና አሁን በሽተኛ ነኝ፣ ለብቻዬ ተቀቅሎ በሳህን ይምጣልኝ ልበል? እነሱ ከትሪው ሲበሉ እኔ እንደ ሆስፒታል ሰው ጥግ ይዤ ልቀመጥ? መጀመሪያ ያዝኑልኛል፣ ቀጥሎ ይጨነቁብኛል፣ በመጨረሻ «ታዴን አናስቸግረው» ብለው መጥራት ይተዋሉ። ሰው እንዲህ ነው ከማዕድ የሚወጣው። ሌሊቱን ስገላበጥ አድሬ ንጋት ላይ መላ መጣልኝ። ጾም ነኝ እላለሁ! ጾም ስሆን ቦይናዬን ይዤ አብሬያቸው መቀመጤ የታወቀ ነው፤ ማንም ምንም አይልም። በራሴ ብልጠት ተደስቼ ተነሣሁ።

ቅዳሜ ምሕረት ቤት ስደርስ ሁለቱም ቀድመውኛል። ዳና ሥጋው ከተሰቀለበት ሥር ራሱ ቆሞ አስቆርጧል፤ ሽንጥና ትንሽ ሻኛ ትሪው ላይ ተዘርግቶ ያበራል። ቢላው በእኔ በኩል ተቀምጦልኛል። ታጥቤ ተቀመጥኩና ድምፄን አስተካክዬ «ምሕረት፣ ለእኔ ቦይና አምጪልኝ። ትኩስ ይሁን። ጾም ነኝ» አልኩ።

ዳና የቆረጠውን ሥጋ ወደ አፉ ሳያደርስ ቆመ። «ምንድን ነኝ አልክ?»

«ጾም።»

«የምን ጾም?»

«የምን ጾም ይላል እንዴ! ጾም ነዋ። አንተ ጴንጤው ምን አገባህ?»

ዳና ቢላውን አስቀመጠ። ቀኑን በጣቱ እየቆጠረ ሳይሆን ዓይኔን እያየ ነው የተናገረው። «ታዴ፣ ፋሲካን አብረን በላን። ከፋሲካ በኋላ ሃምሳው ቀን ሁሉ ፍስክ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ይህን ለእኔ የነገረችኝ ሚስትህ ናት፣ ነፍሷን ይማር። ዕድሜ ልኬን ስንት ጊዜ ቆጥሬልሃለሁ መሰለህ! ሁዳዴህ መቼ እንደሚገባ፣ ፍልሰታህ መቼ እንደሚፈታ፣ በሬ ስንገዛ እንኳ በአንተ ጾም ነው የምናስበው። አሁን በሃምሳው መሐል ጾም ነኝ ትለኛለህ?»

ያዘኝ! ኦርቶዶክሱ እኔ፣ ቅዳሴ የምቆመው እኔ፣ በዓለ ሃምሳን ረስቼ ጴንጤው አረመኝ። ጳውሎስ መሳቅ ጀምሮ የዳናን ፊት ሲያይ አቆመ። ዳና ግን ቀልድ ላይ አልነበረም። «ከእኛ ጋር መብላት ጠላህ?» አለኝ፣ ድምፁ ወርዶ። «አስቀየምንህ? ንገረኝ፤ ልትሰናበተን ከሆነ ንገረኝ።»

ይህ አንጀቴን በላው። ልደብቀው የፈለግኩት ሁሉ ወጣ፤ ጣቶቼን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ አሳየኋቸው፣ መድኃኒቱን፣ ሐኪሟ ያለችውን፣ አንድ በአንድ። «ጥግ ልታስቀምጡኝ ፈራሁ» አልኩ። አፍሬ ትሪውን ነበር የማየው።

ከዚያ ዳና ትሪውን በሁለት እጁ አነሣ። እኔ ከፊቴ ሊያርቅልኝ መስሎኝ ከፋኝ። «ምሕረት!» ብሎ ተጣራ። «ይችን ውሰጂና ጥበሺ። ሁሉንም!»

«ሁሉንም? ሽንጡን ጭምር?» አለች ምሕረት።

«ጭምር። ደም እንዳይኖራት። እስክትደርቅ! ዳጣዋንም ዘይት ላይ አብስይ። ከውስጧ ጥሬ የሆነች ካገኘሁ ለአንቺ ነው የምመልሳት።»

ከተሰቀለው ሥጋ ሥር የቆመው ሥጋ ቆራጭ በቢላው ላይ ተደግፎ አፉን ከፈተ። ጳውሎስ ሁለት እጁን ራሱ ላይ አድርጎ «ጌታ ሆይ፣ ሽንጥ!» አለ፤ ቀጥሎ ግን እሱም ወደ ምሕረት ዞሮ «ቆጮውንም አሙቂው፤ በትኩሱ ይምጣ» አላት። እኔ «ኧረ ተዉ፣ እናንተ በቁርጡ ብሉ፣ ለእኔ ትንሽ ይበስልልኝ» ብል ማን ይስማኝ! «ትሪ አንድ ናት» አለ ዳና። «እኔ ሁለት ትሪ አላውቅም።»

ሥጋው እየጨሰ መጣ። የቤቱ ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ጳውሎስ የመጀመሪያዋን ቁራጭ ሲያኝክ ፊቱ መድኃኒት የተሰጠው ሰው ይመስላል፤ ዳናም «እንጨት ናት» አለና ሌላ ጎረሰ። «ጫማ ናት» አለና ደገመ። እየተሳደበ በላ። እኔ ልጎርስ ብል ጣቶቼ የዚያን ዕለት ጨርሶ አልታዘዝ ብለውኝ ቆጮው ሁለት ጊዜ ከእጄ ወደቀ። ዳና ይህን አየና ተነሣ። የት ሊሄድ ነው ስል በሩ አጠገብ ወዳለው ቧንቧ ሄዶ እጅጌውን እስከ ክንዱ ሰበሰበ። ሳሙናውን አፈሰሰበት፣ በጣቶቹ መሐል አሸ፣ ጥፍሮቹን መዳፉ ላይ ፈተገ፣ አለቅልቆ እንደገና ሳሙና ደገመ፤ ቧንቧውን በክርኑ ዘጋው። ከዚያ ሁለት እጁን ኦፕሬሽን ሊሠራ እንደሚገባ ሐኪም ወደ ላይ አቁሞ፣ ውኃው እየተንጠባጠበበት፣ በጠረጴዛዎቹ መሐል ወደ እኛ ተመለሰ። አንድ የሚያውቀው ሰው ተነሥቶ «አቶ ዳና፣ ሰላም ነው?» ብሎ እጁን ቢዘረጋለት «አትንካኝ! ሥራ ላይ ነኝ!» ብሎ ወደ ኋላ ዘለለ። ቤቱ በሳቅ አለቀ።

እሱ አልሳቀም። ተቀመጠ፣ ከትኩሱ ቆጮ ቆረሰ፣ የተጠበሰውን ሥጋ መርጦ ጠቀለለ፣ ከበሰለው ዳጣ ትንሽ ነካ አደረገበትና ወደ አፌ አመጣው። «ክፈት» አለኝ። ከፈትኩ። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ያጎረሰኝ ሰው አልነበረም፤ ይህን ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። ጉርሻው ትልቅ ነበርና ማኘክም ማልቀስም አቃተኝ።

«አኝክ እንጂ! ምን ታየኛለህ?» አለ ዳና፣ በእጁ ጀርባ ዓይኑን ጠረግ እያደረገ።

ጳውሎስ «ሁለተኛውስ? በአንድ ልትተወው ነው?» አለው።

ዳና ሁለተኛውን ሊቆርስ እጁን ወደ ትሪው ሰደደና ሳይነካው መለሰው። እጁን አየ። «ዓይኔን ነካኋት» አለና እንደገና ሊታጠብ ተነሣ።